ትልቅ የኮራል አኳሪየም በደጋ፦ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ከፍታ የባሕር ውሃን በሕይወት ማቆየት

የኮራል አኳሪየም የሞቀ የባሕር ውሃን፣ ቋጥኝን፣ ዓሣንና ኮራልን በአንድ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አብሮ የሚያኖር ሥርዓት ነው። ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፤ ድንጋያማው ዓይነት ደግሞ ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየሳበ አጽሙን ይገነባል። የሚኖርበት ባሕር ከዓመት ዓመት እምብዛም ስለማይለዋወጥ ድንገተኛ ለውጥን የመሸከም አቅሙ ትንሽ ነው። የጠባቂው ሥራም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ሙቀቱን፣ ጨዋማነቱን፣ አየሩንና ማዕድኑን በአንድ ልክ ማቆየት።

ስለዚህ ሥራ የተጻፉት መጻሕፍት በአብዛኛው ለቆላና ለጠረፍ ቤት የተጻፉ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሊትር 35 ግራም ጨው ያለውና እስከ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በጠረፍ በሊትር 6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ ከ4.7 ብዙም አያልፍም። በዚህ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ መብራትም ይጠፋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል 500 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚይዝ ገንዳ በእነዚህ ሁኔታዎች ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ነው።

ቦታውን መምረጥ

ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 540 ሊትር ይይዛል። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ቋጥኙ፣ አሸዋው፣ መቆሚያው ብረትና ከሥሩ የሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ ሲደመሩ ወደ 900 ኪሎ ግራም ይጠጋሉ። ስለዚህ ምድር ቤት ላይ፣ ሲሚንቶ በደንብ በተለሰነ ወለል ላይ ይቀመጣል። ፎቅ ላይ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የግንባታ መሐንዲስ ማማከር ይኖርበታል። መቆሚያው በውሃ ልክ ተለክቶ በአራቱም በኩል እኩል መሆኑ ይረጋገጣል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያዘነበለ ገንዳ ክብደቱ በአንድ ማዕዘን ሲሊኮን ላይ ስለሚያርፍ ከጊዜ በኋላ ማፍሰስ ይጀምራል።

የደጋ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ መስኮት ሥር ማስቀመጥ አይመከርም። ቀን አልጌ ያበቅላል፣ ሌሊት ደግሞ የቀዘቀዘው የመስኮት መስታወት ሙቀት ይስባል። የውስጥ ግድግዳ ከውጭ ግድግዳ ይሻላል። ከገንዳው ሥር፣ በጀርባውና በሁለቱ ጎኖቹ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስታይሪን ሰሌዳ ቢደረግ ለማሞቂያ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ በጉልህ ይቀንሳል። በዚህ አገር ለአኳሪየም ከሚወጣው ወጪ ሁሉ እንደዚህ ሰሌዳ ዋጋውን ቶሎ የሚመልስ የለም።

ሌላው ጉዳይ እርጥበት ነው። የሞቀ ውሃ በቀዝቃዛና በደረቅ ክፍል ውስጥ በብዛት ይተናል፤ ከዚህ ገንዳ በቀን 5 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊተን ይችላል። ተኑ በቀዘቀዘ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። በጭቃ የተመረገ ቤት ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ ምርጉ ይረጥባል፣ ሻጋታም ይይዛል። በብሎኬት ቤትም ቢሆን ቀን ቀን መስኮት የሚከፈትበት ክፍል ያስፈልጋል።

ንጹሕ ውሃ ማዘጋጀት

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይገባም። ክሎሪን አለበት፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የመጣ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አልጌ የሚመግበውን ሲሊካ ሊይዝ ይችላል። በቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የባሰ ነው፤ ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ኮራልንና ሽሪምፕን ይመርዛል። በነሐስ መገጣጠሚያ ወይም በመዳብ ቱቦ የሚያልፍ ውሃም እንዲሁ። መፍትሔው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ የቀረውን ማዕድን የሚለቅም ሙጫ ይታከልበታል። የወጣው ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የተሟሟውን ነገር በሚለካ መሣሪያ፣ ሲፈተሽ ዜሮ ማሳየት አለበት።

ይህ ማጣሪያ በደጋ ከተማ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ግፊት ነው። ማጣሪያው ቢያንስ 3 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ ሰገነት ላይ የተሰቀለ ሮቶ ግን በየአሥር ሜትር ከፍታው የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ስለሆነ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ መግጠም ግድ ነው። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። የማጣሪያው አምራች የሚጽፈው መጠን በ25 ዲግሪ ውሃ የተለካ ነው፤ ውሃው በቀዘቀዘ በእያንዳንዱ ዲግሪ ምርቱ በ3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በቀን 280 ሊትር ይሰጣል የተባለ ማጣሪያ 15 ዲግሪ በሆነ ውሃ ከ200 ሊትር አይበልጥም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አስቀድሞ ታስቦ የተጣራ ውሃ በንጹሕ በርሜል ይጠራቀማል። ማጣሪያው አንድ ሊትር ለመስጠት ሦስትና አራት ሊትር ስለሚያፈስ የሚፈሰው ውሃ በሌላ በርሜል ተይዞ ለልብስ፣ ለወለልና ለጓሮ አትክልት ይውላል። ይህን ማድረግ በአካባቢው የውሃ እጥረት ላለበት ጎረቤት የሚደረግ ክብር ነው።

ጨውን መምረጥና ማዋሐድ

የሰሜን ሸዋና የጨው ግንኙነት ረጅም ታሪክ አለው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ አቅራቢያ ከሚገኘው ከአሳል ሐይቅ የተጫነ ጨው በግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከአንኮበር ሥር ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ይራገፍ ነበር። ያ ጨው፣ ዛሬም ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው፣ ለወጥ የተመቸ ቢሆንም ለኮራል አይሆንም። የባሕር ውሃ የገበታ ጨው የተሟሟበት ውሃ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከሶዲየምና ከክሎራይድ ሌላ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ያህል ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየምና 0.4 ግራም ፖታሲየም ይገኛል። ከሐይቅ ዳር ደርቆ የተለቀመ ጨው አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በትክክለኛ መጠናቸው የሉበትም። ስለዚህ ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ የጨው ድብልቅ ከውጭ ማስመጣት ያስፈልጋል። ለ500 ሊትር የመጀመሪያ ሙሌት ወደ 19 ኪሎ ግራም ይበቃል፤ ለሳምንታዊ ቅያሪ የሚሆን መጠባበቂያ ግን ከጅምሩ አብሮ ቢገዛ ይሻላል፣ በመሐል የጨው ዓይነት መቀያየር ውሃውን ያናጋልና።

አሠራሩ ይህ ነው። የተጣራው ውሃ በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ እስከ 25 ዲግሪ ይሞቃል፤ ፓምፕ እያማሰለው ጨው ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። ጨው ቀድሞ ገብቶ ውሃ ከላዩ ከተደረገ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከበርሜሉ ግርጌ ይቀራል። እስኪጠራ ድረስ ለብዙ ሰዓት ተማስሎ ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር ይለካል፤ የሚፈለገው 35 ሲሆን ይህም በአንጻራዊ ጥግግት 1.026 ነው። መለኪያው ራሱ በንጹሕ ውሃ ሳይሆን 35 ተብሎ በተዘጋጀ መስተካከያ ፈሳሽ ይታረማል። ቀይ ባሕር ራሱ ወደ 40 የሚጠጋ ጨዋማነት ቢኖረውም፣ ከዚያ የመጡ ዓሦችም ቀስ ብለው ከተለማመዱ በ35 በደህና ይኖራሉ።

ለውሃው ትንፋሽ መስጠት

በዚህ ከፍታ ከሁሉ የሚቀድመው ነጥብ ይህ ነው፤ ከቅዝቃዜው ጋር የሚታገል ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱን ነው። ውሃው ከጅምሩ የያዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ በኮራሎቹ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ኦክስጅን ማምረት ያቆማሉ፤ ኮራሉ፣ ዓሣው፣ በቋጥኙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም በአንድነት ይተነፍሳሉ። ዝቅተኛው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ወይም ጉንጫቸውን ቶሎ ቶሎ ካራገቡ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ስለዚህ የውሃው ገጽ ቀንና ሌሊት መናወጥ አለበት። ለድብልቅ ኮራል የሚመከረው ፍሰት በሰዓት የገንዳውን መጠን ከ20 እስከ 40 ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ሲሆን፣ ለ500 ሊትር ከ10,000 እስከ 20,000 ሊትር ማለት ነው። ቢያንስ አንዱ ፓምፕ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ገጹን እንዲመታ ይደረጋል። የገንዳው አፍ በመስታወት አይከደንም፤ ዓሣ እንዳይዘል መረብ ይበቃዋል። ከሥር ባለው ገንዳ ውስጥ የሚቆመው ስኪመር፣ አየርን ወደ ረቂቅ አረፋ እየቀየረ በውሃው ውስጥ የተሟሟውን ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ዋነኛ የአየር መቀየሪያም ነው። በስስ አየር አቅሙ ስለሚቀንስ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው አንድ መጠን ከፍ ያለው ይመረጣል። የዓሣው ቁጥርም በጠረፍ መጻሕፍት ከሚመከረው በሲሶ ይቀነሳል።

የስኪመሩ የአየር ቱቦ በግድግዳ ተበስቶ ወደ ውጭ ቢወጣ ትልቅ ጥቅም አለው። በብርድ ምክንያት ተዘግቶ በሚውል ቤት ውስጥ ከሰው ትንፋሽና ከምድጃ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማችና የውሃውን ፒኤች ከ7.8 በታች ያወርደዋል፤ የኮራሉ አጽም ግንባታም አብሮ ይዘገያል። የውጭው አየር ግን ንጹሕ ነው፣ በደጋም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ከቆላ ያነሰ ስለሆነ ፒኤቹን ወደ 8.2 ለመመለስ ያግዛል። ቱቦው ክፍሉ ውስጥ ከቀረ፣ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ጭሱን በቀጥታ ስቦ ከውሃው ጋር ያዋሕዳል። ቀጭኗ ቱቦ የጭሱን ጅራት ስትጎትት በዓይን ይታያል። የቁንጫና የበረሮ መርጫ ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይረጭም፤ ሽሪምፕንና ሸርጣንን ለመጨረስ ጥቂቱ ይበቃል። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል ማንደድ ደግሞ ለገንዳው ብቻ ሳይሆን በተዘጋ ቤት ለተኛው ሰው ሕይወትም አደገኛ ነው።

ሙቀትና መብራት ሲጠፋ

ክፍሉ 12 ዲግሪ ሆኖ ውሃው በ25 እንዲቆይ፣ በላዩ ምንም ያልተሸፈነ የ540 ሊትር ገንዳ በግምት 400 ዋት የሚሆን ሙቀት ያለማቋረጥ ያጣል። ለዚህ አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከማስገባት ሦስት ባለ 300 ዋት ማሞቂያዎችን በአንድ የውጭ ሙቀት መቆጣጠሪያ ማገናኘት ይሻላል። አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ ይሸከሙታል፤ አንዱ ማጥፊያው ተጣብቆ ሲሠራ ቢቀርም ብቻውን ገንዳውን አያፈላውም። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይጨመራል። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወረድ ብሎ ተመልሶ እንዲወጣ ይታጠፋል፣ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ የጨው ውሃ ከመታጠፊያው ላይ መሬት እንዲንጠባጠብ። ፍሰት ወደ ሰው ሲያልፍ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ ሳይገጠም እጅ ውሃው ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ የሚፈራው ብርዱ ቢሆንም ቀድሞ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ገንዳው መጀመሪያ ላይ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ለጥቂት ሰዓታት እስከ 21 ዲግሪ መውረድን አብዛኞቹ እንስሳት ይችሉታል። የቆመ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ይህ ልዩነት ባትሪውን ለምን ማዋል እንደሚገባ ይወስናል። አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ እስከ ግማሹ ሲወሰድ 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከማሞቂያ ጋር ቢያያዝ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አይቆይም፤ 20 ዋት የሚወስድ የማናወጫ ፓምፕ ግን ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ያሠራል። ስለዚህ በዲሲ የሚሠራ ፓምፕ ተመርጦ መብራት ሲጠፋ በራሱ ወደ ባትሪ እንዲዞር ይደረጋል።

ለሙቀቱ ሌላ መላ አለ። ከተማዋ የምትታወቅበት ብርድ ልብስ በገንዳው ፊትና ጎን ይጠቀለላል፤ አፉ ላይ ግን ለአየር ክፍት ቦታ ይተዋል። በጋዝ ወይም በእንጨት የፈላ ውሃ በሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከሥር ባለው ገንዳ ውስጥ ቢንሳፈፍ መላውን ውሃ በአንድ ዲግሪ ያህል ያነሣዋል። የሃይላንድ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም፣ በሙቅ ውሃ ይጨማደዳል። መብራት ሲመለስ ውሃው በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ መቆጣጠሪያው ደረጃ በደረጃ ከፍ ይደረጋል።

ጄነሬተር የሚገዛ ሰው በስስ አየር ሞተሩ ከተጻፈለት ኃይል 30 በመቶ ገደማ እንደሚያጣ ማወቅ ይገባዋል። ባለ 2 ኪሎ ዋት የተባለው በደብረ ብርሃን 1.4 ቢሰጥ ነው። ጄነሬተሩ ምንጊዜም ከቤት ውጭ ይነሣል።

ገንዳውን ማስጀመር

ደረቅ ቋጥኝና አሸዋ ገብቶ፣ ውሃው 25 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ እንስሳ ሳይገባ የባክቴሪያው ዑደት ይጠበቃል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ከጥቂት አሞኒያ ጋር ይጨመራል። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል፤ ክፍሉ ቀዝቅዞ ማሞቂያው ካልደረሰ ደግሞ ይረዝማል። አሞኒያ ተጨምሮ በማግስቱ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ሲገኙ ገንዳው ተዘጋጅቷል ይባላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሆን ተብሎ አንድ ሌሊት ዋናው መስመር ተዘግቶ የባትሪው ሥርዓት ቢፈተሽ መልካም ነው፤ የሚሞት እንስሳ በሌለበት የተገኘ ጉድለት ቀላል ጉድለት ነው።

እንስሳትን ማስገባት

ድንጋያማ ኮራሎችና ትልልቆቹ የትሪዳክና ዛጎሎች በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይዘዋወሩም። ኢትዮጵያ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት፤ ጉዳዩ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። ወደ ጅቡቲ የተጓዘ ሰው ከጠረፍ ኮራል ቆርሶ ማምጣት አይችልም፤ አይገባውምም። በእርባታ የተገኙ ዓሦችና ከተራባ ኮራል ላይ የተቆረጡ ቅርንጫፎች ለሕጉም፣ ለባሕሩም፣ ለገንዳውም ይሻላሉ፤ የገንዳ ኑሮ ለምደዋልና።

ከላኪው የመጣ ፌስታል በአየር ጉዞውም ሆነ ከአዲስ አበባ ሽቅብ በሚደረገው የ130 ኪሎ ሜትር መንገድ ግፊቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይነፋል፤ እንደገና የሚታሠር ከሆነ ሰፊ ቦታ ይተውለታል። ቤት ሲደርስ ሳይፈታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በገንዳው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ ይመሳሰላል። ከተፈታ በኋላ ግን ማዘግየት ጉዳት አለው። በተዘጋው ፌስታል ውስጥ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሞኒያውን ጉዳት አልባ አድርጎ ይዞት ነበር፤ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤች ይነሣል፣ አሞኒያው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ቀድሞ የተዘጋጀው የማቆያ ገንዳ ጨዋማነት ከፌስታሉ ጋር ተመሳስሎ ዓሣው ቶሎ ይዛወራል፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋል።

እያንዳንዱ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማቆያ ይቆያል። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው የባሕር ጥገኛ ተሕዋስ በመዳብ መድኃኒት ይታከማል፤ መዳብ ግን ኮራልን ስለሚገድል ወደ ዋናው ገንዳ ጠብታው እንኳ አይገባም። ለመጀመሪያ ክላውንፊሽ ይመረጣል፣ ጠንካራ ነው፣ በእርባታም ይገኛል። ከቀይ ባሕር ወገን ደግሞ ሐምራዊው ትንሹ ፍሪድማኒ ለዓይን ደስ የሚል፣ በእርባታ የሚራባና ብዙ ቦታ የማይሻ ዓሣ ነው።

ከኮራል ለስላሶቹ ይቀድማሉ፤ እንጉዳይ መሳዩና ቆዳ መሳዩ ኮራል የጀማሪን ስሕተት ይችላሉ። ዞአንቲድ የሚባሉት ባለ ቀለም ቁጥቋጦዎችም በቀላሉ ይበዛሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላላቸው ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነኩም። እነሱ የበቀሉበት ቋጥኝ ፈጽሞ አይቀቀልም፤ ተኑ ቤተሰቡን ሁሉ ሊመርዝ ይችላል። ትልልቅ አፍ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከስድስት ወር በኋላ፣ ቅርንጫፋሞቹ አክሮፖራ ደግሞ ገንዳው ዓመት ከሞላውና ልኬቶቹ ከጸኑ በኋላ ይገባሉ። መብራቱ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት በሰዓት መቆጣጠሪያ ይበራል።

ማዕድኑን መጠበቅ

ለድብልቅ ገንዳ ጥሩ የሚባለው ልክ አልካሊኒቲ (ውሃው የያዘው የካርቦኔት ክምችት) ዲኬኤች በተባለው መለኪያው ከ8 እስከ 9፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,300 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን ይበቃል፤ ሁለቱን ወደ ዜሮ ማውረድ ኮራሉን ያስርባል። ከእነዚህ ሁሉ ቶሎ የሚለዋወጠውና ጉዳቱም ቶሎ የሚታየው አልካሊኒቲ ነው።

የደጋው ብዙ ትነት እዚህ ላይ ጥቅም ይሰጣል። የተነነውን ለመተካት የሚገባው ንጹሕ ውሃ በሊትር 1.5 ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሟሟበት የኖራ ውሃ ከሆነ ካልሲየምና አልካሊኒቲ በአንድነት ይተካሉ፣ ፒኤችም ይነሣል። በቀን 5 ሊትር የኖራ ውሃ የ540 ሊትር ገንዳን አልካሊኒቲ በአንድ ዲኬኤች ያህል ይደግፋል፤ ለመካከለኛ ኮራል ብዛት ይህ ብቻውን ይበቃል። ለቤት ቀለም የሚሸጠው ኖራ ባዕድ ነገር ስላለበት አይሆንም፤ ለምግብ የሚሆነው ንጹሑ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ከረጋ በኋላ ከላይ ያለው የጠራ ውሃ ብቻ ተቀድቶ ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ ይደረጋል። ለዚህ የሐኪም ቤት ግሉኮስ መስጫ ቱቦ በትንሿ ጎማዋ ጠብታውን ለመወሰን እጅግ ትመቻለች። በአንድ ጊዜ መድፋት ፒኤችን አስፈንጥሮ ገንዳውን ወተት ያስመስለዋል።

አልካሊኒቲ ብቻ ከወረደ ከሱቅ የሚገዛ ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ይሠራል፤ ለ500 ሊትር በአንድ ዲኬኤች ለማንሣት 15 ግራም በተጣራ ውሃ ተሟሙቶ ቀስ ብሎ ይጨመራል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አሲድና ስታርች ስላለበት አይገባም።

የየዕለቱና የየሳምንቱ ሥራ

ጠዋት ሙቀቱ ይነበባል፣ ዓሦቹ ይቆጠራሉ፣ ፓምፖቹና ስኪመሩ መሥራታቸው ይታያል፣ የተነነው ውሃ ይተካል። የጨው ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፤ ስለዚህ ለመተኪያ ሁልጊዜ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ይገባል። ምግቡ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን። ያልተበላ ምግብ ሲበሰብስ የሚወስደው ኦክስጅን በዚህ ከፍታ ውድ ነው።

በየሳምንቱ አልካሊኒቲ፣ ጨዋማነትና ናይትሬት ተለክተው በደብተር ይጻፋሉ፤ መስታወቱ ይፈገፈጋል፣ የስኪመሩ ጽዋ ይታጠባል፣ ከውሃው አሥር በመቶ ይቀየራል። አዲሱ ውሃ በሙቀትም በጨዋማነትም ከገንዳው ጋር እኩል ካልሆነ አይገባም፤ በውርጭ ወራት ከበርሜል በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ኮራሉን ያኮማትረዋል። በየወሩ የማሞቂያዎቹ መስታወት ስንጥቅ እንደሌለው፣ የመረቡና የገመዶቹ የጨው ቅርፊት እንደተጠረገ ይረጋገጣል፤ ለሽታና ለቀለም የሚገባው አክቲቭ ካርቦንም ይለወጣል። የምድጃ ከሰል የእሱ ምትክ አይሆንም። በየሦስት ወሩ ፓምፖቹ በተቀጠነ አቼቶ ተነክረው ከኖራ ቅርፊት ይጸዳሉ፤ ባትሪውም በእውነተኛ ጭነት ይፈተሻል።

ባለቤቱ ለጥምቀት ወይም ለገና ወደ ገጠር የሚሄድ ከሆነ የቀኑ ምግብ በየትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ያልለመደ ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ ይመግባልና። ለአደራ ተቀባዩ የሚተዉት ትእዛዞች ሦስት ብቻ ናቸው፦ የተነነውን ከተጣራው ውሃ በርሜል መተካት፣ መብራት ሲጠፋ የባትሪው ፓምፕ መሥራቱን ማየት፣ ዓሣ ሞቶ ከተገኘ ወዲያው ማውጣት።

ከገንዳው የሚወጣው የጨው ውሃ በጓሮ አይደፋም፣ አፈሩን ለዓመታት ያመክነዋል። ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወስድ ቦይም አይለቀቅም፤ ከገንዳ የተረፈ ዓሣም፣ አልጌም፣ ቀንድ አውጣም እንዲሁ። የሚደፋው ከመታጠቢያው ጋር ወደተያያዘ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው፤ የሞተ ኮራልና ቋጥኝ ደግሞ ታጥቦና ደርቆ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል።